ሰይፌ የሚያድርበት ቤት

እናንተዬ፣ ወልዳችሁ ያሳደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለልጅ ተብሎ የሚዋሽ ውሸት በስንቱ ቤት አለ። እኔ አልፈርድም። የአሰለፈችን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

አሰለፈች ቃሊቲ እስር ቤት ተፈትሻ ገብታ፣ የበሶውን ፔስታል አስረክባ፣ ከሽቦው ወዲህ ቆማለች። የሌላው ሰው ልጅ ስሙ ሲጠራ እየሮጠ ይመጣል። የእሷ ሰይፈሥላሴ ግን ዓይኑን እያሸ፣ እግሩን እየጎተተ ብቅ አለ። ጉንጩ ላይ የብርድ ልብሱ መስመር ታትሟል።

«ተኝተህ ነበር?» አለችው።

«ቤት ነበርኩ» አላት።

አብሮት የታሰረው ቀናው አጠገቡ ከእህቱ ጋር ሲያወራ ሰምቶ ዞር አለ። «እማማ፣ የታሰርነውስ እኛ ነን። ይሄ ልጅዎ እኮ ተመላላሽ ነው» አላትና ሳቀ። አሰለፈች አልሳቀችም። ቀልዱን ታውቀዋለች፤ እውነት ስለሆነ ነው የማያስቃት።

ሰይፈሥላሴ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ፣ ዱከምን አልፎ ቱሉ ዲምቱ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው መሪው ላይ እንቅልፍ ጣለው። ሙሀመድሁሴን የሚባል የወሎ ሰው የራሱን መኪና ዳር አቁሞ የጭነቱን ሸራ እያሰረ ነበር። ገጨው፤ ሰውየው እዚያው ሕይወቱ አለፈ። ሰይፌ ጥፋቱን አልካደም፤ ተፈረደበት፤ ገባ።

ፍርድ ቤት ያልተናገረው፣ ለእናቱ ብቻ የነገራት ነገር ግን አለ። ያቺ እንቅልፍ ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል ነበረች። እሱ ግን በውስጧ አቃቂ በሰቃ ደርሷል። መኪናውን አቁሞ፣ የቆርቆሮውን በር ሽቦ ፈትቶ ገብቶ፣ እናቱ ባሞቀችለት ውሃ እግሩን ታጥቦ፣ ራቱን በልቶ፣ ሬዲዮ እየሰማ ጋደም ብሏል። ምሽቱን ሙሉ። ያነቃው የብረቱ ድምፅ ነው።

እስር ቤት ከገባ በኋላ ያችን ምሽት መልሶ ፈለጋት። ብዙ ቀን ከሞከረ በኋላ መንገዱን አገኘው። ሕልም ውስጥ ሆኖ፣ ይሄ ሕልም ነው ብሎ ማወቅ ለመደ። ሕልሙ ሊሳሳና ሊበተን ሲል የሚያውቀውን ነገር ይይዛል፤ የበሩን ሽቦ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ። ሳይቸኩል ይዳስሰዋል። ያኔ ጊዜው እንደ ሊጥ ይለጠጥልኛል አላት። ከምሳ በኋላ ትንሽ ጋደም ይላል፣ እዛ ግን ይመሻል፣ ይነጋል፣ ቅዳሜው አልፎ እሁድ ይሆናል።

አሰለፈች መጀመሪያ ዱካክ ነው የተጫነው ብላ ደነገጠች። የንስሐ አባቷን አማክራ ጸበል በሃይላንድ አመጣችለት፤ ውዳሴ ማርያም ሰጥታው ከትራስህ ሥር አድርግ አለችው። ጸበሉን ጠጣ፣ መጽሐፉንም ከትራሱ ሥር አደረገ። ሕልሙ ቀጠለ። እንዲያውም በሕልሙ ከእሷ ጋር እንደሚያመሽ ሲነግራት እርፍ አለች፤ ከስቶ የነበረው የልጇ ፊት ወዝ እያወጣ መጣ።

ብቻ አንድ ችግር አለ። የማያውቀው ጥግ ሲደርስ ሕልሙ ይሰበርበታል። ስለዚህ በመጣች ቁጥር ይጠይቃታል። መጋረጃው ያው ነው ወይ? ሎሚው አፈራ? ጓሮ ያለው በርሜል ተነሳ?

ቤቱ የለም እኮ። እሱ በታሰረ በዓመቱ ሰፈሩ ለመንገድ ተነሣ። አሰለፈች አሁን ያለችው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሴት ልጇ ሊዲያ ጋ ተጠግታ ነው። መስኮቱ ልጇ ሰው ወዳጠፋበት መንገድ ያያል፤ መጋረጃውን ቀን ቀንም አትከፍተውም። አቃቂ ደግሞ ሎሚው የነበረበት ላይ የመብራት እንጨት ቆሟል። ቤቱ የፈረሰ ሰሞን ሰይፌ ከስቶ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ስለነበር ዛሬስ አልነግረውም አለች። በሚቀጥለውም እንዲሁ አለች። ከዚያ እሱ መጠየቅ ሲጀምር እሷ መመለስ ጀመረች።

ሎሚው አፍርቷል አለችው። ግድግዳውን ውሃ ሰማያዊ ቀባነው አለችው። አንድ ቀን የምትለው ሲያልቅባት ደግሞ፣ የሰው ድመት በመስኮት ገብታ ያንተ አልጋ ሥር ወለደች አለችው። ሰይፌ ሳቀ። ከታሰረ ወዲህ ሲስቅ ያየችው ያን ቀን ነው። በሚቀጥለው ስትመጣ ለድመቷ ልጆች ስም አውጥቶላቸው ጠበቃት። አሰለፈች ጾሟን የምትጾም፣ ቅዳሴ የማታስታጉል ሴት ናት። ከቅዳሴ ወጥታ፣ ነጠላዋን ሳትቀይር፣ ስለሌለች ድመት ልታወራ ቃሊቲ ትሄድ ጀመር።

ዛሬ ግን ሌላ ወሬ ይዛ ነው የመጣችው።

«እሁድ ኡምሰልማ ልትመጣ ነው» አለችው።

ኡምሰልማ የሟቹ ሚስት ናት። ቃሊቲ ያገለገለ ጆንያ ትሸጣለች። ስንት ሽማግሌ ደጇ ተመላልሶ ዕርቅ ሲለምናት ፊቷን አላሳየችም። በዚህ ሳምንት አሰለፈች ብቻዋን ሄዳ ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። ኡምሰልማ ስትቆጥር የነበረውን አስቀምጣ እንዲህ አለቻት፦

«ካሳ አልፈልግም እማማ። ሽማግሌም አያውራልኝ። ባሌን መጨረሻ ያየው የእርስዎ ልጅ ነው። እንዴት እንደነበረ እሱ በአፉ ይንገረኝ። ከዚያ ለአላህ ብዬ እተወዋለሁ።»

ዕርቅ ከወረደ ልጇ እንዲፈታ ለይቅርታ ማመልከት ይችላል ብለዋታል ሽማግሌዎቹ። አሰለፈች ይህን ስትነግረው ልጇ ዘሎ ሽቦውን የሚይዝ መስሏት ነበር። እሱ ወደ መሬት አየ።

«አልመጣም» አላት።

«ምን ማለት ነው አልመጣም?»

«ምን ብዬ ልንገራት እማዬ? አላየሁትም እኮ። እሱ ሸራ ሲያስር እኔ ቤቴ ገብቼ እግሬን እየታጠብኩ ነበር። ይሄን ልበላት?»

«እውነቱ እሱ ከሆነ እሱን በላት።»

«ደግሞ ሰውየው ደህና ነው» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዛ አየዋለሁ። ወደ ቤት ስነዳ መንገዱ ዳር ቆሞ ሸራውን ሲያስር አገኘዋለሁ። ቀስ እላለሁ። ጊዜ አለኝ፣ የፈለግኩትን ያህል ጊዜ አለኝ። እጁን ያነሳልኛል፣ አልፋለሁ።»

«ኡምሰልማ ጋስ ደህና ነው?»

ትከሻውን ነቀነቀ። ይቅርታውም ይቅርብኝ አላት፤ ወጥቼስ የት ልሄድ ነው፣ እኔ እዚህም ሆኜ ቤቴ ነኝ። ከዚያ ፊቱ በራ አለና፣ ስለሌላ ነገር ያወሩ ይመስል፣ «ባለ ነጭ እግሯ ደህና ናት? ትናንት አልጋው ሥር ፈልጌ አጣኋት» አላት።

አሰለፈች አፏን ከፈተች። መልሱ ምላሷ ላይ ነበር፤ ደህና ናት፣ ወተት ጠጥታ ተኝታለች። የኡምሰልማ እጅ ትዝ አላት፤ ሲያወሩ ጆንያውን አጥፋ እየዘረጋች፣ መልሳ እያጠፈች ነበር። ያቺ ሴት ስንት ዓመት አልተኛችም። የእኔ ልጅ ደግሞ ተኝቶ አይጠግብም።

«ሰይፌ፣ ቤቱ የለም» አለችው።

የገባው አልመሰለም።

«ለመንገድ ተነሣ። አንተ በገባህ በዓመቱ። ሊዲያ ጋ ነው ያለሁት።»

«ሎሚው?»

«ሎሚውም።»

«ቀባነው ያልሽኝ ግድግዳ...»

«ምን ግድግዳ አለና ልቀባው።»

ሰይፌ ጣቶቹን ሽቦው ውስጥ አስገብቶ እያንዳንዷን ቀዳዳ ቀስ ብሎ ይዳስስ ጀመር። አሰለፈች ምን እያደረገ እንደሆነ ገባት። ሕልም እንደሆነ እያጣራ ነው። ቤቱ የፈረሰ ዕለት ቆማ አይታ ነበር፤ ቆርቆሮው ሲገነጠል እንባ አልወጣትም። አሁን ግን በልጇ ፊት ላይ ሁለተኛ ሲፈርስ አየችው፤ የዛሬው አፍራሽ ደግሞ ራሷ ናት።

«ድመቷስ?» አላት።

«ድመት አልነበረችም ልጄ። እኔ ነኝ የፈጠርኳት።»

ፖሊሱ ሰዓት ደርሷል አለ። ሰይፌ ጣቶቹን ከሽቦው አወጣ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ልጅ ሳለ መብራት ሲጠፋበት በሚጠራት ድምፅ ጠየቃት።

«ታዲያ ዛሬ የት ልደር?»

«እዚሁ እደር» አለችው። «እዚሁ እደርና እሁድ ና።»

ዞሮ ሄደ። በሶውን ያነሳለት ቀናው ነው።

ከበሩ ውጪ፣ ታክሲ መጠበቂያው ጋ ስልኳ ጮኸ። ኡምሰልማ ናት። ልጁ እምቢ ካለ ምን እንደምትል ሊዲያ ጠዋት አስጠንታታለች፤ አመመው በያት፣ ሌላ ጊዜ ይሁን በያት፣ ሴትየዋ እንዳትቀየም። አሰለፈች ስልኩን ይዛ ቆመች። የጭነት መኪናው፣ ረዳቱ፣ የታክሲው ጥሩምባ፣ ሁሉም ይጮሃል። አንድ ጆሮዋን በነጠላዋ ደፈነች።

«እማማ፣ ነገሩት? ምን አለ?»

«አልመጣም አለ።»

«ለምን?»

«ያኔ ልጄ መሪው ላይ ተኝቶ ነበር» አለቻት አሰለፈች። «ባልሽን አላየውም። የሚነግርሽ ይሄን ነው፤ ይሄን ላለመንገር ነው የሚሸሸው። ሰምተሽ መምጣት ካስጠላሽ አልፈርድብሽም። እኔ ግን እሁድ ከጠዋት ጀምሮ እስር ቤቱ ሽቦ ጋ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ፤ አንቺንም እሱንም።»

ኡምሰልማ ስልኩን ዘጋችው። አሰለፈች ታክሲ ውስጥ ገብታ፣ ቱሉ ዲምቱ ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ለማንም አልደወለችም። ሊዲያ በሩን ከፍታ፣ ምን አደረግሽ ብላ ስትጠይቃት እንኳ አልፋት ሄዳ የመስኮቱን መጋረጃ ከፈተችው።

ይኸው እሁድ ገና አልደረሰም። ይምጡ አይምጡ እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ሊዲያ ለምን እውነቱን ተናገርሽ ብላ እስካሁን አኩርፋታለች። እናንተ ግን ለጸሎት ስትቆሙ አንድ ጊዜ የሰይፌን ስም ጥሩልኝ፤ ክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። የሟቹንም በየልባችሁ አስቡልኝ፤ ሙሀመድሁሴን።