አራተኛ ፎቅ ላይ የተተከለ ጎመን

ሙዘሚል ሱቁ ከፈረሰ በኋላ ከአልጋው የሚነሳው ለሶላት ብቻ ነበር። ጉርድ ሾላ አካባቢ ዕድሜውን ሙሉ የወንድ ልብስ ሲሸጥበት የኖረው ሱቅ ለመንገድ ማስፋፊያ ሲነሳ፣ ጎረቤቶቹ ነጋዴዎች ወዲያ ወዲህ ብለው ሌላ ቦታ ፈለጉ። እሱ ግን የተረፈውን ዕቃ ለሚ ኩራ ወዳለው ኮንዶሚኒየም አስጭኖ መጣና ተኛ። ሚስቱ አስማ መጀመሪያ ደክሞት ነው ብላ ተወችው። ሲቆይ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ ወንድሞቹን ጠርታ አስመከረችው። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አስማ በረንዳው ላይ መትከል የጀመረችው ያኔ ነው። አንድም ገበያው አስመርሯት፣ አንድም የተኛ ሰው ስታይ መዋል ከብዷት። አጠገባቸው ከሚሠራው ሕንፃ ባዶ የቀለም ባልዲዎች ለመነች፤ ቂጣቸውን በጋለ ምስማር በሳች። ከመሠረቱ የተቆፈረውን ቀይ አፈር፣ ከብት ከሚያረቡ ሰዎች ደግሞ ፍግ በማዳበሪያ ከረጢት እያመጣች አራት ፎቅ ተሸክማ አወጣች። ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ ተከለች። ክረምቱ ሲገባ በረንዳው ላይ እግር ማሳረፊያ ጠፋ።

ከእነሱ በታች፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ወይዘሮ ውባንቺ ይኖሩ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቦሌ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆና ከምትሠራው ልጃቸው ከሩሃማ ጋር የሚኖሩ፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን የሚያዘወትሩ ሴት ናቸው።

«አስማ፣ ውሃሽ እኮ አንሶላዬን ጭቃ አደረገው» አሏት አንድ ቀን ከታች ሆነው።

አስማ አፍራ አንድ እቅፍ ጎመን ይዛ ወረደች።

«ጎመንሽስ ይጣፍጣል» አሉ ውባንቺ እየተቀበሏት። «ውሃውን ብቻ ተይልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ከየባልዲው ሥር ጎድጓዳ ሳህን አደረገች። ልብሳቸውንም ውባንቺ ግቢው ውስጥ ካለው ገመድ ላይ ማስጣት ጀመሩ።

አንድ ቅዳሜ አስማ ከገበያ ስትመለስ ሙዘሚልን በረንዳው ላይ ቆሞ አገኘችው። የቃሪያውን ቅጠል በጣቱ እያገላበጠ ነበር።

«ይሄ ፀሐይ አያገኝም። ለዚህ ነው የቀጨጨው» አላት።

ከወራት ወዲህ ያን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ብመልስለት ተመልሶ ይተኛል ብላ ፈርታ ዘንቢሏን ልታስቀምጥ ገባች። በማግሥቱ ማልዶ ተነስቶ ውሃ አጠጣ። በሳምንቱ ጢሙን ተላጨ። አስማ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ አላህ ሰማኝ አለች።

አንድ ጠዋት የቃሪያውን ባልዲ የበረንዳው መከታ ግንብ ላይ አውጥቶት አየች።

«ይወድቃል፣ ሙዘሚል።»

«በሽቦ አስሬዋለሁ።»

ሽቦውን አየችው፤ ቀጭን ነበር። ልትናገር አፏን ከፈተች። እሱ ግን ባልዲውን ወደ ፀሐይ እያዞረ ለራሱ ፈገግ ይል ነበር። ተወችው።

ነፋሱ የመጣው ነሐሴ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰማዩ ጠቆረ፤ የግቢው ሴቶች ልብሳቸውን ሊሰበስቡ ሮጡ። ሙዘሚል ሳሎን ውስጥ እየሰገደ፣ አስማ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ከታች አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም የሴቶች ጩኸት። አስማ ወደ በረንዳው ወጥታ መጀመሪያ ያየችው ግንቡ ላይ የተንጠለጠለውን የተበጠሰ ሽቦ ነው። ቁልቁል ስታይ ውባንቺ በአንሶላዎቹ መሀል በግንባራቸው ተደፍተዋል። ጀርባቸው ላይ ቀይ አፈር ተበትኗል።

የምድር ቤቱ ጎረቤት ተካልኝ በራሱ መኪና ሆስፒታል አደረሳቸው። ፖሊስ መጥቶ ባልዲው የማን እንደሆነ ጠየቀ።

«የእኔ ነው» አለች አስማ። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።»

ሙዘሚል ከኋላዋ በባዶ እግሩ ደረጃውን ይወርድ ነበር። «አይደለም፤ እኔ ነኝ» አለ። «እሷማ ይወድቃል ብላኝ ነበር።»

ይዘውት ሲሄዱ ጫማውን አቀበለችው። ሲመሽ አንድም ሳታስቀር ጎመኑንም ሰላጣውንም ነቀለች። ማንም የሚወስደው ስላልነበረ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ከተተችው።

ውባንቺ አልሞቱም። ጭንቅላታቸው ተቀዶ ሲነቁ ቀኝ ጎናቸው አይንቀሳቀስም፣ ምላሳቸውም ታስሯል። ሙዘሚል በዋስ ወጣ። ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌዎች ተሰባስበው ሩሃማ ዘንድ ሄዱ። እሷ እስኪጨርሱ ሰማቻቸውና «ሆን ብሎ እንዳላደረገው አውቃለሁ። ግን እናቴ ከእንግዲህ በስሜ አትጠራኝም» አለች። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ወጡ።

ውባንቺ ከሆስፒታል ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ፣ ሩሃማ ከሥራ የወሰደችው ፈቃድ ሲያልቅ ራሷ የአስማን በር አንኳኳች። ዩኒፎርሟን ለብሳለች፤ ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ አስማ፣ እናቴን የሚያይልኝ ሰው አጣሁ» አለች። «ይቅር ብዬ አይደለም የመጣሁት።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ባለቤትዎ ግን እንዳይመጡብኝ።»

አስማ በየቀኑ ትወርድ ጀመር። ውባንቺን ታጥባቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ አጥሚት በማንኪያ ታጎርሳቸዋለች። መጀመሪያ ላይ በደህናው እጃቸው ማንኪያውን እየገፉ ደረታቸው ላይ ይደፉት ነበር። በኋላ መብላት ጀመሩ። ዓይናቸው ግን ከፊቷ አይነሳም። አስማን ያንን እያየች ማጉረስ ከሁሉም ከበዳት።

ሙዘሚል ማታ ማታ «ዛሬስ?» ይላታል። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሲል ሩሃማ መከልከሏን ነገረችው። አንድ ቀን ግን አልቻለም፤ አስማ ውባንቺን እያጎረሰች ሳለ ወርዶ የመኝታ ቤታቸው በር ላይ ቆመ። ውባንቺ አዩት። ከጉሮሯቸው ረጅም ድምፅ ወጣ፤ ቃል ሊሆን እየታገለ ቃል አልሆነም። እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወረደ። ሙዘሚል ድምፁ እስኪያበቃ አንገቱን ደፍቶ ቆመና ወጣ።

«ምን አሉኝ?» አላት ማታ።

አስማ ይቅር ብለውሃል ልትለው ትችል ነበር። «አላውቅም» አለችው።

ውባንቺ በጥቅምት ሳንባቸው ታመመና አረፉ። ሙዘሚል ለቀብር አልወጣም፤ አልጋው ላይ ነበር። ፍርድ ቤቱ በቸልተኝነት ሰው በመግደል እስራት ፈረደበት። ሩሃማ ምስክር ሆና ስትቀርብ የምታውቀውን ብቻ ተናገረች፤ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም።

ከዚያ በኋላ ቦሌ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ልትኖር ቤቱን ለቀቀች። አስማ ሳትጠራት ወርዳ የፍራሹን አንድ ጫፍ ያዘች። ሁለቱ ተሸክመው ደረጃውን ወርደው የጭነት መኪናው ላይ አወጡት።

«እናቴን ስላጠቡልኝ አመሰግናለሁ» አለች ሩሃማ፣ ፊቷን ሳታያት።

«እግዜር ያጽናሽ» አለች አስማ።

መኪናው በግቢው በር ወጣ። አስማ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የእስረኛ መጠየቂያ ቀን ስለነበር ምሳ ቋጥራ ታክሲ ልትይዝ ወጣች።