የላምበረት መንገደኞች

ዕፀገነትን ቢነኳት ቢነኳት ካርታዋን አይነኩባትም ነበር።

የአዲስ አበባው ካርታ ሩዋንዳ ሰፈር ባለው የጤና ቢሮ፣ ከዶክተር ተክለብርሃን ጠረጴዛ ትይዩ ተሰቅሏል። ከየክሊኒኩ የሚመጣውን ሪፖርት እያየች፣ ኩፍኝ ለያዘው ለእያንዳንዱ ሕፃን በሰፈሩ ላይ ቀይ እስፒል ትሰካለች። ቢሮው ያለው አንድ የክትባት ቡድንና አንድ መኪና ነው፤ መኪናው የሚሄደው ቀዩ ወደበዛበት ነው። ዕፀገነት ኮሌጅ ደጃፍ አልረገጠችም። ኮምፒውተሩንም ካርታውንም በራሷ ነው የቻለችው፤ ይህንንም ሳትጠየቅ ትናገራለች። «ዲግሪውማ ግድግዳ ላይ ነው፤ ሥራው እኔ ላይ» ትላለች።

በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ላይ፣ ከላምበረቱ ክሊኒክ የመጣው ሪፖርት ግን አላምር አላት። ባንድ ጊዜ ያን ሁሉ ኩፍኝ! መጀመሪያ እስፒሉን ሰካች። ራቅ ብላ ስታየው ያ ሲያምር የነበረ ካርታ ጠርዙ ላይ የተሰጣ በርበሬ መሰለ። ላምበረት ደግሞ ከሰሜን የሚመጣ መኪና መንገደኛ የሚያራግፍበት ነው። ደንቡም የታወቀ ነው፤ ካገር ቤት የመጣ በሽተኛ የሚቆጠረው ለመጣበት አገር እንጂ ለአዲስ አበባ አይደለም። የልጆቹ አድራሻ የቤት ቁጥር የለውም፤ «ከመኪና ማራገፊያው ጀርባ» ብቻ ይላል።

«መንገደኞች ናቸው» አለች ለራሷ። ማንንም አልጠየቀችም። እስፒሉን አንድ ባንድ ነቀለችው።

ሰኞ መኪናው ቀይ ወደቀረበት ወደ ሲኤምሲ ሄደ። ዶክተሩ ካርታው ፊት ቆመው «ዕፄ፣ ሥራ ማለት ይኼ ነው» አሏት። ምስጋናውን አልመለሰችም፤ ይዛው ዋለች።

በሳምንቱ ነኢማ መጣች። ነኢማ የላምበረቱ ክሊኒክ ጤና ረዳት ናት፤ ጋውኗ ላይ ሹራብ ደርባ፣ ጫማዋ አቧራ ለብሷል።

«ክትባቱ የታለ? መንገድ መንገድ ሳይ ዓይኔ ፈሰሰ እኮ!»

መልስ ሳትጠብቅ ወደ ካርታው ተጠጋችና ላምበረትን በጣቷ ዳበሰችው። ወረቀቱ ተበሳስቷል፤ እስፒል ግን የለም።

«ልጆቼ የት ሄዱ?»

«መንገደኞችሽን ነው? አገራቸው ይቁጠራቸው። ደንብ አታነቢም እንዴ፣ እህቴ?»

«ማነው መንገደኛ ያለሽ?»

«ማን ይንገረኝ? ላምበረት አይደል እንዴ! እዚያ የሚያድረው መኪና ብቻ ነው።»

ነኢማ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የሳቅ አልነበረም። «እንግዲያው ነይና ራስሽ ሸኚያቸው።»

ዕፀገነት እልኸኛ ናትና ቦርሳዋን አንስታ ተከተለቻት።

ከማራገፊያው ጀርባ የጭቃ ቤቶች ተደርድረዋል። በየደጁ የጎመን መደብ አለ፤ አጥሩ ከርሞ ጠቁሯል። ገና ያልታመሙ ልጆች ጨርቅ ኳስ እያሯሯጡ ይንጫጫሉ። ነኢማ ባንኳኳችው በር ላይ የቀበሌው የቤት ቁጥር ተመትቷል፤ ቆርቆሮውን ዝገት በልቶታል። ዕፀገነት ዓይኗን ከዝገቱ ላይ ማንሳት አቃታት።

ፈዲላ የምትባል ሴት መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ከኋላዋ፣ በጨለማው ውስጥ፣ ሁለት ልጆች ተኝተዋል። ትንሹ ዓይኑ ተጣብቆ ያቃስታል።

«ከጤና ቢሮ ናት» አለች ነኢማ፤ ሌላ አልጨመረችም።

ሴትዮዋ የዕፀገነትን ጉልበት ልትስም አጎነበሰች። «ግቢ፣ የኔ እናት፣ ግቢ! ኩፍኝ ካለበት ቤት መንገደኛ አይገባም ነበር ወጉ፤ ይብስበታል ይላሉ። አንቺማ የኛው ነሽ፤ ምን መንገደኛ ነሽ!»

ዕፀገነት ደፉ ላይ ተገትራ ቀረች። ነኢማ አንድ ቃል ተንፍሳ ብታዋርዳት በወደደች። ነኢማ ግን የትንሹን ግንባር ትዳስሳለች።

«እዚህ... ከመጣችሁ ቆያችሁ?»

«ሁለቱንም እዚሁ ነው የወለድሁ። ቤቱም ያማቴ ነው። አላህ ያክብርሽ እህቴ፤ እንደ ሰው ቆጥራችሁ መጣችሁልን።»

ዕፀገነት ዝገት የበላውን የቤት ቁጥር ዳግመኛ አየችው።

ቢሮ ሲመለሱ ዶክተሩ ላምበረት ኩፍኝ መግባቱን ከነኢማ ሰሙና እሷኑ ገሠጿት። «ታዲያ እስካሁን ምን ትሠሪ ነበር? ሪፖርቱን በጊዜው ብታመጪ ይኼ ይመጣ ነበር? እናንተ ክሊኒኮች መቼም!»

ነኢማ ዕፀገነትን አየቻት። ዕፀገነት ዝም ብትል ይበቃት ነበር፤ ካርታው ላይ ያለውን ቀዳዳ ከሁለቱ በቀር ያየው የለም።

«በጊዜው አምጥታለች» አለች ዕፀገነት። «የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ዶክተር። ሳልጠይቅ።»

ቢጮኹባት ይሻላት ነበር። «በራሴ ተማርኩ ስትይ እኮ እኔ ነበርኩ የምኮራው» አሉ ቀስ ብለው፤ ሾፌሩን ሊጠሩም ወጡ።

እስፒሎቹን መልሳ ሰካች። ቦታ መፈለግ አላስፈለጋትም፤ ቀዳዳዎቹ ይጠብቋት ነበር። ነኢማ የእስፒሉን ቆርቆሮ ያዘችላት።

ውጭ ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ፈዲላ ዳግመኛ ጉልበቷን ልትስም እንደምታጎነብስ እያወቀች፣ ዕፀገነት የክትባቱን ሣጥን ታቅፋ መኪናው ላይ ወጣች።