አባባ አልመልስ ያሉ ዕለት

ልብስ ሰፊዋ ከኋላዋ ይከተላት የነበረው የአማቷ ኮቴ መጥፋቱን ልብ ያለችው ዘግይታ ነው። ዞር ስትል መንገዱ ባዶ ነው። ደረቅ ቅጠል፣ የዛፍ ግንድ፣ ሌላ ምንም።

«አባባ!»

መልስ የለም።

ባሏ በሕይወት ሳለ አባቱን በየሳምንቱ ወደዚህ የሕዝብ ጫካ የሚያመጣው እሱ ነበር፤ ወፍና አውሬ ሊያዩ። እሷ ቤት ቀርታ ትሰፋለች። ባሏ ካረፈ ወዲህ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሲከርሙ፣ «ይነሡ፣ እኔ እወስድዎታለሁ» ያለችው ራሷ ናት። እንቢ ሲሏት ጫማቸውን አጥልቃላቸው ነው ያመጣቻቸው። ልባቸው ደካማ ነው፤ ሐኪሙም ብቻቸውን እንዳይተዉ አስጠንቅቋል።

«አባባ! ኧረ በፈጠረዎት!»

ወደ መጣችበት ሮጠች። ቀሚሷን እሾህ ሲይዘው፣ በጨርቅ የማትጨክነው ሴት ቦጭቃው አለፈች። የአንዱ እንባ ሳይደርቅ የሌላውን ሬሳ ከጫካ ይዛ ልትገባ ነው? ለጎረቤት ምን ልትል ነው? «ላናፍሳቸው ብዬ ገደልኳቸው»?

ከመንገዱ ወረድ ብሎ፣ ከአንድ ትልቅ ግንድ ሥር ባርኔጣቸውን አየች። ተቀምጠዋል። አንገታቸው ዘንበል ብሏል። አይነቃነቁም።

«ወየው ጉዴ!»

የሽማግሌው ግራ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ተዘረጋ። እዚያው ሁኚ ማለት ነው።

እፎይ ሳትል፣ ከእሳቸው ፊት ለፊት የቆመችውን አየች፤ ጥጃ የምታህል የዱር አሳማ፣ ግልገሎቿን ከኋላዋ አድርጋ። ጩኸቱ አስደንግጧት የጀርባዋ ፀጉር ቆሟል፤ ታናፋለች።

ልብስ ሰፊዋ ባለችበት ዘጭ አለች። አሳማዋ ወደ ሽማግሌው ተጠጋች። ዓይኗ እጃቸው ላይ ነው። ያ እጅ የፀጉር መቁረጫ መቀሳቸውን ካስጣላቸው ቀን ጀምሮ ይንቀጠቀጣል፤ አሁንም አላርፍ አለ። ሽማግሌው ትንሽ በትንሽ እየሳቡ ከጭናቸው ሥር ቀበሩት። አሳማዋ የጫማቸውን ጫፍ አሸተተች። ልብስ ሰፊዋ እንዳትጮህ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

ከዚያ አንዱ ግልገል ጮኸ፤ እናቲቱ ዞራ ሁሉንም እየነዳች ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች።

«ምን ያስጮህሻል? ልታስበዪኝ ነበር እኮ!»

«ስጠራዎት ለምን አልመለሱልኝም?»

«አውሬ ያየ ሰው ሲጠሩት አይመልስም። ዝም ካልኩሽ ቁጭ ብለሽ መጠበቅ ነው።» ዕድሜ ልካቸውን ደንበኛውን «ጆሮህን ካልፈለግከው ተነቃነቅ» እያሉ ያስተካከሉ ፀጉር ቆራጭ ናቸው። «ልጄ ያውቀው ነበር።»

«እኔ በምን ልወቅ? ማን ነገረኝ?»

ልጃቸው ከእግራቸው ሥር ስላደገ፣ ይህ የሚነገር ነገር መሆኑ ትዝ ብሏቸው አያውቅም።

«እሱንም ባረፈበት ጠዋት ቁርስ ደረሰ ብዬ ስጠራው ዝም አለኝ» አለች። «ተኝቷል ብዬ ተውኩት።»

ሽማግሌው ክንዳቸውን ሰጧት፤ ደግፋ አነሣቻቸው።

መንገዱ ለሁለት ጠባብ ስለሆነ አስቀደመቻቸው። ቅርንጫፍ በጋረዳቸው ቁጥር ትጣራለች፦
«አባባ!»

«አለሁ!» ይላሉ፣ ጫካው እስኪያስተጋባ። ወፉ ሁሉ ግር ብሎ ይነሣል።

ያን ዕለት አንድም ቅርንጫፍ ላይ ያረፈ ወፍ ሳያዩ ገቡ።