ሆዷን አይንኩብኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነፍሰ ጡሮችን ማሸት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ስሜ የምስራች ነው። የማሳጅ ፈቃዴ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጠባዬ እሳት ነው ይላሉ፤ ውሸት አይደለም። በተለይ ሚስቱን አምጥቶ አውርዶ ስልኩን ሲጎረጉር የሚውል ባል ሳይ ደሜ ይፈላል።

ሱሃይብንም መጀመሪያ ከነዚያ እንደ አንዱ ነበር የቆጠርኩት። ሚስቱን ሙፈሪሓትን ከወንዙ ማዶ ካለችው አሌክሳንድሪያ ድረስ ነድቶ አመጣት። ሰባት ወሯ ነው። ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ ወገቧ አላስቀምጥ አላስተኛ ብሏታል። ሐኪሟ መታሸቱ እንደሚረዳት የጻፈችላትን ወረቀት ይዛለች። ደረጃውን ስትወጣ እንዲደግፋት እጇን ወደ ባሏ ዘረጋች። እሱ ቦርሳዋን ተቀበላትና ወደ ኋላ ቀረት አለ። እጇ ባዶውን ሲቀር የደረጃውን ብረት ያዘች። አየሁት፤ ቂም ያዝኩበት።

ከማሸቴ በፊት የማስሞላው ቅጽ አለኝ። እንግሊዝኛውን ስሰጣቸው ሰዎቻችን ሳያነቡ ሁሉንም "ኖ" ብለው ስለሚመልሱልኝ ራሴ በአማርኛ ጽፌዋለሁ። ሙፈሪሓት መታጠቢያ ቤት ስትገባ ሱሃይብ ወረቀቱን ተቀብሎ ይሞላላት ጀመር። ሲመልስልኝ የደም ግፊቱን፣ የደም መርጋቱንና የመድማቱን ጥያቄ ብቻ አየሁ። ጀርባውን አልገለጥኩም፤ እሷንም አላስፈረምኩም። መንገድ ተዘጋግቶ ሃያ ደቂቃ አርፍደው ነበርና ቸኮልኩ። ጥፋቴ ነው፣ አልክድም።

በግራ ጎኗ አስተኛኋት። አንድ ትራስ በጉልበቶቿ መሃል፣ አንድ ከሆዷ ሥር፣ አንድ ለክንዷ። ሰው ማሸት ማለት መጫን ይመስለዋል። ሌላ ሰው ተሸክማ የምትውል ሴት ግን የሚያግዛት እጅ ነው የሚያስፈልጋት። ዘይቱን በመዳፌ አሙቄ ወገቧ ላይ ሳሳርፈው ትንፋሿን ለቀቀችው። ከወገቧ ወደ ዳሌዋ፣ ከትከሻዋ ወደ አንገቷ ቀስ እያልኩ ሄድኩ። ያበጠ ቁርጭምጭሚቷን በስሱ ዳሰስኩላት። ትከሻዋ ከጆሮዋ ሥር ወርዶ ቦታው ሲገባ በዓይኔ አየሁት። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

"አመመሽ?" አልኳት እጄን አንስቼ።

"አይ፣ አይተዉኝ እትዬ። ሰው ከነካኝ ስለቆየ ነው።"

"ባልሽስ?"

"ባለፈው ዓመት በስምንተኛ ወሬ ልጃችን ሆዴ ውስጥ ሞተብን። ይሄኛውን አረገዝኩ ካልኩት ቀን ጀምሮ ሱሃይብ እጁን አሳርፎብኝ አያውቅም። አልጋው ጫፍ ላይ ተጠቅልሎ ይተኛል። ያንን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብሎ ይሆናል እላለሁ። እሱ አይናገር፣ እኔ አልጠይቅ። ዶክተሯ 'ስትረስ አታብዢ' ትለኛለች፤ ቤት ስገባ ስትረሱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።"

ራሷም ሳቅ አለች፤ እኔን ግን አንጀቴን በላችው። ማሸቴን ቀጠልኩ። ጥቂት ቆይታ እንቅልፍ ወሰዳት። ስንት ሌሊት ሳትተኛ እንደከረመች ከትንፋሿ ያስታውቃል። አንሶላውን ሳብ አድርጌ አልብሻት፣ ለባሏ የምለውን በሆዴ እየደረደርኩ ወጣሁ። ቅጹንም ያዝኩ፤ የምትፈርምበትን ቦታ ልከፍት ገለበጥኩት። ያኔ ነው የጀርባውን ጽሑፍ ያየሁት።

"ባለፈው እርግዝና ታሽተሽ ነበር?" ይላል የኔ ጥያቄ። "አዎ።"

"ማን አሸሽ?" "እኔ ባሏ።"

"ምን አስከተለ?" "ልጁ ሞተ።"

ከሥሩ ባዶው ቦታ ላይ "እባክዎ ሆዷን አይንኩብኝ" ብሎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

የደረደርኩትን ስድብ ሁሉ ተውኩት። ሱሃይብ ኮሪደሩ ላይ፣ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ቀርቅሮ ተቀምጧል። ስልክም አልያዘ። ለካስ ሰውዬው ሰዓቱን ሙሉ እንደዚህ ተቀምጦ እየፈራ ነው። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ምንድን ነው ይሄ የጻፍከው?" አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"እውነቱን ነዋ። ልጁ ወደ ጎን ነው የተኛው ሲሉን ለእናቴ ነገርኳት። ኮምቦልቻ ናት። 'በቅቤ እያሸህ አቃናላት' አለችኝ። ቪዲዮ ኮል አድርጋ እያሳየችኝ አሸኋት። በሦስተኛው ቀን ልቡ ቆመ።" መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። "በነዚህ ነው።"

"ሐኪሞቹ ምን አሉ?"

"ዶክተሯ ስትመጣ እኔ መኪናውን ፓርክ ላደርግ ሄጄ ነበር። ስመለስ ሙፈሪሓት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ምን ብዬ ልጠይቃት? ከዚያ ሰው መጣ፣ 'አላህ ይተካላችሁ' አለን፣ 'አሚን' አልን። በቃ፣ አለቀ።"

እኔ በየቤቱ ሆድ ማቃናት የሚባለውን አልወድም። የልጅ አቀማመጥ የሐኪም ሥራ ነው፤ ስንቱን ተቆጥቼበታለሁ። ይህን ልጅ ግን ምን ብዬ ልቆጣው? አንተ አይደለህም ብዬ እንዳጽናናው ደግሞ ሐኪም አይደለሁም። ገብቼ ለሚስቱ እንዳልነግርበት የሱ ገመና ነው። እጄ ላይ ያለችው ያቺ ወረቀት ብቻ ናት፤ ወረቀቷ ደግሞ የሙፈሪሓት ናት። ካልፈረመች ሥራዬን አበላሽቻለሁ።

"ገብተህ አስፈርማት" አልኩት።

"እኔ?"

"የሞላኸው አንተ አይደለህ!"

ተቀበለኝና ገባ። በሩን ገርበብ አድርጌ ውጭ ቆምኩ፤ ጆሮዬን ጥዬ እንደሰማሁ አልደብቅም። ስትነቃ፣ ስትቀመጥ፣ ወረቀቱን ስታገላብጥ ሰማሁ።

"ሱሃይብ" አለች በመጨረሻ። "ይሄን ነው ዓመት ሙሉ ይዘህ የኖርከው?"

ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ሰማሁ።

"እትብቱ ተቋጥሮ ነው እኮ! ዶክተሯ ያለችውን አስተርጓሚዋ በስልክ ነገረችኝ። ቋጠሮው ገና ድሮ፣ ትንሽዬ ሳለ የተቋጠረ ነው፤ ማንም ያመጣው አይደለም አለችኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"የምታውቅ መስሎኝ! እኔማ ሆዷ ነው ልጄን ያነቀው ብለህ የተጸየፍከኝ መስሎኝ።" ድምጿ ተሰበረ። "ያቺ ማታ እኮ... ከልጃችን ጋር ያለችኝ ደስ የምትል ማታ እሷ ብቻ ናት። እጅህ ሥር ሲገላበጥ፣ አንተ ስትስቅ፣ እናትህ በስልክ እልል ስትል። በእሷ ነው አንተ ራስህን የምትቀጣው?"

ያኔ ሱሃይብ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ የሰማሁት አባቴን ስንቀብር ነው፣ ወንድሜን። እኔም ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ በነጠላ እንዳልጠርገው ነጠላ የለኝ፣ በሥራ ፎጣዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ጥቂት ቆይቼ ዘይቱን ይዤ ገባሁ፤ ወረቀቱ ተፈርሞ ትራሱ ላይ ተቀምጧል። "በቃ ልቅሶው! እጅህን አምጣ።"

"እትዬ፣ ባይሆን ሌላ ቀን..."

"ዛሬ ነው። ሆዷን ተወው። እዚህ፣ ወገቧ ላይ። በጣትህ አትቆንጥጥ፤ ሙሉ መዳፍህን አሳርፍ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ወደ ታች።"

ዘይቱ በጣቶቹ መሃል እየተንጠባጠበ ቆመ። ከዚያ እጁን አሳረፈ።

"ቀዝቃዛ ነው" አለች ሙፈሪሓት።

ሊያነሳ ሲል እጇን ወደ ኋላ ልካ ያዘችው። "አታንሣው።"

በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ ከሷ ጋር ክሊኒክ ገብቶ ጥያቄውን በራሱ አፍ ጠየቀ። ሐኪሟ የአምናውን መዝገብ ከፍታ ለሙፈሪሓት የተነገራትን ያንኑ ነገረችው። "እትዬ፣ እኔ አይደለሁም" የሚል ቴክስት ላከልኝ። ደጋግሜ አነበብኩት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ መጡ። እኔ አሻለሁ፣ እሱ ቆሞ ያያል፤ ቤታቸው ሲገቡ ተራው የሱ ነው። ወገቧ ጨርሶ አልዳነም፣ ግን እንቅልፍ መጣላት፤ ፊቷም ፈካ። በአራተኛው ቀጠሮ ግን ቀሩ። ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። የሚቀጥለውን ደንበኛ ሳሽ እጄ እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም። ማርያምን ስንት ጊዜ እንደጠራሁ እሷ ታውቃለች።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ሱሃይብ ደወለ። ከኋላው የሕፃን ለቅሶ ይሰማል።

"ወለደች እትዬ! ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው!"

ወንበሬ ላይ ዘፍ አልኩ። እሱ አፉ አልቆም አለ። ምጧ ሰባት ሰዓት ፈጀ፤ ሰባቱንም ሰዓት ወገቧን በመዳፉ ይዞ ቆመ። ነርሷ ሥራው ይሄ እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚያ ድምፁ ዝግ አለ።

"እትዬ፣ ያቺ ወረቀት... ብትቀደድልኝ።"

"የተፈረመበት ወረቀት አይቀደድም!" አልኩት፣ እንደ ጠባዬ።

ስልኩን ዘግቼ ፋይሏን አወጣሁ። "ምን አስከተለ?" ከሚለው መልስ ሥር የዛሬውን ቀን ጻፍኩና ጨመርኩበት፤ "ባሏ እንደገና አሻት። ሴት ልጅ።"