የልብስ ሰፊዋ አውራ ጣት

ልብስ ሰፊዋ ሩጫ የጀመረችው ባሏ ከሞተ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቤቱ ሲጨንቃት ለመውጣት ያህል ነበር፤ ኋላ ግን ሩጫው ራሱ ያዛት። በየማለዳው ከሰፈር ሴቶች ጋር መናፈሻውን ትዞራለች፤ ሁልጊዜም ከፊት ናት። ስልሳ ሊሞላት ጥቂት ቢቀራትም ከኋላዋ የሚያያት ሰው ልጅ እግር ናት ብሎ ይምላል።

አንድ ሰሞን ታዲያ የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ከሥሩ ይጠዘጥዛት ጀመር። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ መገጣጠሚያው እንደ ዛገ ማጠፊያ አልታጠፍ ይላታል። ሩጫ ተዪ እንዳይሏት ፈርታ ለማንም አልተነፈሰችም። ደረጃ ስትወርድ ጥርሷን ነክሳ፣ ሰው ሲመጣ ቀጥ ብላ፣ ነገሩን ደብቃ ከረመች።

ያጋለጣት የስፌት መኪናዋ ነው። ልጇና ሚስቱ የሚኖሩት ከሱቋ በላይ ባለው ፎቅ ነው። ምራቷ የመኪና መንዳት አስተማሪ ስለሆነች ጆሮዋ የሞተር ድምፅ የለመደ ነው። አንድ ቀን ደረጃውን ወርዳ የሱቁ በር ላይ ቆመች።

«እማማ፣ መኪናዎ ምን ሆኖ ነው የሚንተባተበው?»

«ዘይት ጠምቶት ይሆናል።»

«ዘይቱንማ ትናንት ጨምረውለታል። እስቲ ጫማዎን ያውልቁ።»

«ምን ቆርጦሽ!»

ምራቷ ግን በየመስቀለኛ መንገዱ ተማሪ ስታባብል የምትውል ሴት ናትና መታገስ ታውቃለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ ቁልፍ ተከለች፣ እጅጌ ገጠመች፣ በመጨረሻ ሰለቻትና ጫማዋን አወለቀች። ጣቷ ቀልቶ አብጧል። ፔዳሉን በረገጠች ቁጥር ስለሚወጋት ነበር መኪናው አንዴ ሄድ አንዴ ቆም የሚለው።

ሐኪም ዘንድ ተያይዘው ሄዱ። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየና አርትራይተስ መሆኑን ነገራት፤ በአጥንቶቹ መጋጠሚያ ላይ ያለው ልስልስ ሽፋን ሳስቷል።

«እንግዲህ ሩጫሽን ተዪ ሊሉኝ ነው» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«ለምን ይተዋሉ? እግርዎ ሥራ ከሚፈታ ቢንቀሳቀስ ይሻለዋል። ብቻ እንደ ድሮው አይሆንም።»

ሶሉ ጠንከር፣ ፊቱ ሰፋ ያለ ጫማ እንድትገዛ፣ አስፋልቱን ትታ ሣር ላይ እንድትሮጥ፣ ባበጠባት ቀን እንድታርፍ መከራት። «ደግሞ ትንሽ ይሩጡ፣ ትንሽ ይራመዱ፤ እያፈራረቁ።»

እስከዚያ ድረስ ራሷን ስትነቀንቅ የቆየችው ሴትዮ ይቺን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። ገና ከበሩ እንደወጡ «መራመድማ ሽንኩርት ልገዛ ስወጣም እራመዳለሁ!» አለች።

«እኔም አብሬዎት እወጣለሁ» አለች ምራቷ። «ከወለድኩ ወዲህ ደረጃ ስወጣ እንኳ ቁና ቁና ነው የምተነፍሰው።»

እንዲህ ተጀመረ። ልጅየው ሕፃኑን ይዞ ቤት ይቀራል፤ አማትና ምራት ወደ ሣሩ ይወጣሉ። ልብስ ሰፊዋ ፔዳሉን ወደ ግራ እግሯ አዛወረችው። በመጀመሪያው ሰሞን የሰፋችው ሁሉ እየተጣመመ ደንበኞቿን ቢያስቅም ኋላ ለመደችው። ሣሩ ላይ ግን ልቧ ወደ ፊት ሲያመልጥባት ምራቷ ልክ እንደ ተማሪዎቿ ትጮህባታለች።

«ፍሬን! እማማ፣ ፍሬን ይያዙ! አሁን ወደ አንደኛ ማርሽ!»

ሰው ይስቃል። እሷም እየተነጫነጨች ትራመዳለች። ቀስ በቀስ ጣቷ ቀለል አላት። ለካ ስትሮጥ ወሬ አይመችም፤ ስትራመድ ግን አፍ ይፈታል። ያን ሁሉ ጊዜ ኮስታራ ትመስላት የነበረችው ምራቷ ጨዋታ አዋቂ ሆና አገኘቻት።

የሰፈሩ የሩጫ ቀን ሲደርስ ሁለቱም ተመዘገቡ። ድሮ ሁልጊዜ ከኋላዋ ትቀር የነበረችው ጎረቤታቸው፣ ጥርስ ሐኪሟ፣ በአጠገባቸው ስታልፍ ዞር አለችና «እትዬ፣ ዛሬ ሽርሽር ነው እንዴ?» አለቻት።

የልብስ ሰፊዋ ደም ፈላ።

«ፍሬን!» አለች ምራቷ።

«ፍሬኑ ተበጥሷል!» ብላ ተፈተለከች።

ብዙም ሳትርቅ ጣቷ ጠዘጠዛት። ዞር ስትል ምራቷ ከጎኗ ናት፤ ትንፋሿ እንኳ አልተለወጠም። ልብስ ሰፊዋ ወደ እርምጃ ወረደችና ትኩር ብላ አየቻት።

«አንቺ! እንዲህ መሮጥ ከቻልሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

ምራቷ አፈረች። «ቆይቷል።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሻል ከእኔ ጋር መጎተት?»

«ጨዋታዎ ይቅርብኝ እንዴ? ብቻዬን ሮጬ የት ልደርስ!»

ልብስ ሰፊዋ የምራቷን ክንድ ያዝ አደረገች። ከዚያ የጥርስ ሐኪሟ ጀርባ ከፊት ታያት።

«በይ ሂጂልኝ! ያቺን ሴትዮ ጥርሷን አስነክሻት!»

«እርስዎስ?»

«እኔ መንገዱ አይጠፋኝም። ሂጂ ብያለሁ!»

ምራቷ እንደ ጥይት ተወነጨፈች። ልብስ ሰፊዋ እጇን እያወናጨፈች፣ «የኔ ናት! የኔ ልጅ ናት!» እያለች ላገኘችው ሁሉ እየተናገረች ከኋላ ተከተለች። ምራቷ ጥርስ ሐኪሟን መጨረሻው መስመር ጋ ለጥቂት ቀደመቻት።

ልብስ ሰፊዋ ከመጨረሻዎቹ ጋር ስትደርስ ልጇ ሕፃኑን ታቅፎ ይጠብቃት ነበር።

«እማዬ፣ ምነው ፊትሽ ቀላ? እግርሽን አመመሽ?»

«ጉሮሮዬን ነው» አለች፣ ድምፅዋ ተዘግቶ።

ከዚያ ወዲህ ምራቷ ቀደም ብላ ትወጣና ለብቻዋ መናፈሻውን ትዞረዋለች። ላቧ ሳይደርቅ አማቷ ትደርስባታለች፤ ሣሩ ላይ ትንሽ እየሮጡ፣ ትንሽ እየተራመዱ ወሬያቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ።