ለስረዛ የቀረበው ዋንጫ

ኮርደሊያ ፕሩት ሰው ቶሎ አታምንም። ኦሃዮ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሠላሳ ዓመት ስትሠራ፣ የተዋሰውን መጽሐፍ ውሻ በላብኝ የሚል ሰው ስንቱን አይታለች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ጥርጣሬዋን ያዋለችው ማንም ኢንተርኔት ላይ ገብቶ በሚጽፍበት ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ነው። የማይገባውን ጽሑፍ እየለቀመች ለስረዛ ታቀርባለች፤ ሌሎች ጸሐፊዎችም «ይቆይ» ወይም «ይሰረዝ» እያሉ ይከራከሩበታል።

መጋቢት ላይ አንድ አዲስ ጽሑፍ ዓይኗን ሳበው። የከተማዋ የቤዝቦል ቡድን፣ ቀበሮዎቹ፣ ድሮ በየዓመቱ ተመልካቹን በካርድ ድምፅ እያሰጠ ተወዳጁን ተጫዋች ይሸልም ነበር፤ ጽሑፉ ስለዚያ ዋንጫ ነው። ማስረጃው ሁሉ የቡድኑ የራሱ መግለጫ ሆኖ አገኘችው። በደንቡ አንድ ጽሑፍ እንዲቆይ የሚያስፈልገው የሌላ ሰው ቃል የለበትም። ሌሎቹ አሸናፊዎች አንድ አንድ መስመር ሲደርሳቸው፣ ከመቺው ጀርባ ኳስ ይቀበል የነበረው የ1987ቱ አሸናፊ ዴልበርት ሆስኪንስ ግን ሁለት አንቀጽ ሙሉ ተወድሷል።

«ራሱ ነው የጻፈው» አለች በሆዷ፤ ለስረዛም አቀረበችው።

ዊንደል ክራውስ ወዲያው ተቃወማት። ዊንደል የኢንዲያና የጥርስ ሐኪም ነው፤ ፊቱን አይታው ባታውቅም አሥር ዓመት እዚያው መድረክ ላይ ተነታርከዋል። ይህን ያህል ሕዝብ የመረጠበት ዋንጫ እንዴት አይገባም ብሎ ጻፈ። እሷም ብዙ ሰው የመረጠው ሁሉ የሚገባ ከሆነ የቤተ ክርስቲያናችን የኬክ ውድድርም ይግባ እንጂ ስትል መለሰች። በማግስቱ ስማቸው ገና ትናንት የተመዘገበ ሦስት ሰዎች መጥተው «ይቆይ» አሉ። ሦስቱም አንዷን ቃል በአንድ ዓይነት ስህተት ጽፈዋታል። ያን ቀን ሦስቱን ያመጣቸው እሱ ይሆን ብላ ዊንደልንም ጠረጠረችው።

ሆስኪንስ የሣር ማጨጃ ሞተር እየጠገነ እንደሚኖር አጠያይቃ ደረሰችበት። ቤቱ ድረስ ሄዳ ስትጠራው እጁን በጨርቅ እየጠራረገ ወጣ። ስልኳን ዘርግታ፣ ስለ ሦስቱ ሰዎችም ነግራው፣ እርስዎ ነዎት የጻፉት ስትለው መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበ። ፊቱ ጠቆረ።

«ልጄ ናት» አለ። «ሦስቱ ሰዎች ያልሽኝም እሷና ልጆቿ ይሆናሉ። ማጥፋት ትችያለሽ?»

ለኮርደሊያ ይህም ሌላ ዘዴ መሰላት። ለምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ትኬት ቆራጩ የእህቴ ባል ነበር። ዘጠኝ መቶ ካርድ ብቻውን ሞላልኝ። የነገረኝ ዋንጫውን ይዤ ፎቶ ከተነሳሁ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም።»

እሱንም በቃሉ አላመነችውም። በቀጥታ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄዳ የድሮ ጋዜጦች የተቀረጹበትን ፊልም ስታሽከረክር ዋለች። አመሻሹ ላይ የጎረቤት ከተማ ጋዜጣ የካቲት 1988 ያወጣውን ግማሽ ገጽ አገኘች፤ ካርዱ ከተመልካቹ ቁጥር በልጦ መገኘቱን ይናገራል፣ ሆስኪንስንም በስሙ ይጠራል።

ስትፈልገው የነበረው የሌላ ሰው ቃል ይኸው ነው። ዋንጫው ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ የሚቆየው በዚህ ነውር ነው። ዝም ብትል ይሰረዛል፣ ሽማግሌውም ያርፋል፤ ግን ያገኘችውን ማስረጃ ደብቃ አታውቅም። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ጠዋት የጋዜጣውን ቅጂ ይዛ ወደ እሱ ተመለሰች።

ሆስኪንስ አነበበና በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ለካ ሰው ሁሉ ያውቅ ኖሯል» አለ። «እኔ ስንት ዓመት ስደብቅ።»

«አታሳዪ ካሉኝ ለማንም አላሳይም» አለችው። ይህን ማለቷ እሷኑ ገረማት።

እሱ ግን ቀኑንና ገጹን በቁራጭ ወረቀት ጻፈና ቅጂውን መለሰላት። «አሳዪው፤ ግን ልጄ መጀመሪያ ከእኔ ትስማው። እስከ እሑድ ጠብቂኝ።»

ሰኞ ዕለት ኮርደሊያ የስረዛ ጥያቄዋን አንስታ «ይቆይ» ብላ ልትጽፍ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ጽሑፉ ተለውጧል። የሆስኪንስ ልጅ ስለ አባቷ የጻፈችውን ሁለት አንቀጽ ራሷ አውጥታ፣ በምትኩ ስለ ካርዶቹ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከነጋዜጣው ስም አስገብታለች። ዊንደል ከሥር በአሥር ዓመት አንዴ ተሸነፍሽ ብሎ ቀልዶባታል።

ኮርደሊያ «ይቆይ» ከማለቷ በፊት የጋዜጣውን ቅጂ አውጥታ፣ ልጅቱ ቀኑንና ገጹን በትክክል መጻፏን አመሳከረች። ልክ ነበር።