ለገደለ ሃምሳ ነጥብ

የጋሽ ዘካሪያስን ግራ ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ድንጋዩን የወረወረው ቴዎ ነው፣ ፖሊስም ያሰረው ቴዎን ነው፤ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ሄዳችሁ ብትጠይቁ ማንም የኔን ስም አያነሳም። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ! ሰው ሲወቀስ እኮ ይቀለዋል። እኔን ግን ሰፈሩ ሁሉ «ፋኑኤል ጨዋ ልጅ ነው» ይለኛል።

ሥራዬ ትርጉም ነው። በ2009 አንድ የውጭ ድርጅት በስልክም በኮምፒውተርም የሚሠራ የውጊያ ጌሙን በአማርኛ ሊያወጣ ፈልጎ በኢንተርኔት አገኘኝ። ቃሉን መተርጎም ብቻ አይደለም፤ የአገሩን ሰው የሚያስቀይመውን ሁሉ እየለቀምኩ «ይሄ ይውጣ፣ ይሄ በዚህ ይተካ» ማለት ነበረብኝ። ለቀምኩ። የሚቃጠለውን ቤተክርስቲያን መጋዘን አስደረግኩት። ራቁቷን የምትዋጋውን ሴት ቀሚስ አስለበስኳት። ጦረኞቹ የሚጋልቡትን አሳማ በጅብ አስቀየርኩት። አቤት ጥንቃቄ! እናቴ አበራሽ አጠገቤ ቁጭ ብላ ብታየው የማታፍርበት ጌም ሆነ።

ጌሙ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ግን አንድ የመንደር ሽማግሌ ተንበርክኮ፣ ነጭ ጨርቅ እያውለበለበ ምሕረት ይለምናል። ተጫዋቹ ትቶት ካለፈ ምንም አያገኝም፤ ከገደለው ሃምሳ ነጥብ። ድርጅቱ «ነጭ ጨርቅ በእናንተ አገር ይገባቸዋል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ያኔ ነው ሰይጣን ጆሮዬ ሥር የተቀመጠው። «እኛ ጋ ሳር ነው» አልኩ።

ጋሞ ውስጥ ሰው ሊጋደል ሲል ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ መሃል ገብቶ ይንበረከካል። ያንን ሳር የሚሻገር የለም። ወንድሙ የተገደለበት እንኳ ጦሩን ይጥላል። አባቴ መምህር ፈቃደ የጎጃም ሰው ነው፤ እኔ ግን አርባ ምንጭ ነው የተወለድኩት፣ ይሄን ከፊደል በፊት ነው ያወቅኩት።

ፎቶ ላክልን አሉኝ። ላንቴ መንደር ወርጄ ጋሽ ዘካሪያስን ሙዝ ማሳቸው ውስጥ አገኘኋቸው። የአባቴ ወዳጅ ናቸው፤ በልጅነቴ ትከሻቸው ላይ አድርገው ገበያ ይወስዱኝ ነበር።

«ሳር ለጨዋታ አይነጭም፣ ልጄ» አሉኝ።

«ጨዋታ አይደለም ጋሼ! ፈረንጅ ባህላችንን እንዲያውቅ ነው።»

አመኑኝ። የጋሞን የባህል ልብስ፣ ዱንጉዛቸውን ለብሰው፣ ሳር ነጭተው፣ ተንበረከኩልኝ። ፎቶ አነሳኋቸው።

ሥዕሉ ተሠርቶ ሲመጣ ቁጭ እሳቸውን ይመስላል። ከሥሩ አንድ ጥያቄ ነበረው፤ «ይህ ቦታ የሚያስቀይም ነገር አለው?» ነጥቡ ይውጣ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ነጥብ ቁጥር ነው፣ ቁጥር ደግሞ አይተረጎምም ብዬ፣ ቸኩዬም ነበር፣ «የለውም» ብዬ ላክሁ። አመሰገኑኝ።

ሙደሲር የሚባል ከስልጤ የመጣ ነጋዴ ሲቀላ ላይ ጌም ቤት ነበረው። ወንድሙ ሳላዲን ከጫኖ በአይሱዙ ሙዝ ያመላልሳል። ጌሙ በገባ በሳምንቱ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ቀንደኛው ተጫዋች ቴዎ ነበር፣ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ። የሽማግሌውን ጭንቅላት በጥይት ሲበረቅሰው፣ ደሙ ሳሩ ላይ ሲረጭ፣ ቤቱ በአንድ ድምፅ «ሃምሳ!» ይላል። መጀመሪያ ስሰማ ቤቱን ጥዬ ወጣሁ። በሁለተኛው ቀን እኔም አብሬ ሳቅኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሳላዲን መኪና ጫኖ መንገድ ላይ የቴዎን እህት ሀሌሉያን ገጫት። እግሯ ተሰበረ እንጂ አልሞተችም፤ ራሱ ሳላዲን ነው ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሳት። ሲቀላ የደረሰው ወሬ ግን «ሞተች» የሚል ነበር። ሳላዲን ወንድሙ ጌም ቤት ገብቶ ገና ቁጭ ከማለቱ፣ ጎረምሳው በቴዎ መሪነት በሩ ላይ ደረሰ።

እዚያው ነበርኩ። መስታወቱ በአንዴ ረገፈ። ሳላዲንን በእግሩ ጎትተው አወጡት፤ በዱላ፣ በብረት፣ በጫማ ወረዱበት። ጥርሱ አስፋልት ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ። አፉን ሲከፍት ደም እንጂ ቃል አይወጣም። ሙደሲር ሊያድነው ገብቶ ክንዱን ሰበሩት። የሙደሲር ሚስት ሰኪና «ኧረ በአላህ! ልጅቷ አልሞተችም!» እያለች ትጮሃለች፤ ማን ሊሰማት! አንዱ ጀሪካን አምጥቶ ቤንዚን አፈሰሰበት። ክብሪቱ ሳይጫር ጋሽ ዘካሪያስ ደረሱ።

ሙዝ ሊሸጡ ገበያ ወጥተው ነበር። ከመንገዱ ዳር ሳር ነጭተው፣ ሕዝቡን ሰንጥቀው ገብተው ሳላዲን ፊት ተንበረከኩ። ሳሩን በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጉ። ዱላው ሁሉ ባለበት ቆመ። ክብሪት የያዘው ክብሪቱን ኪሱ ከተተ። ተመስገን፣ ተረፈ ብዬ ስተነፍስ፣ ከኋላ አንዱ «ሃምሳ!» አለ።

ሰው ሳቀ። አምላኬ፣ ሰው ሳቀ እኮ! የቴዎ እጅ ተነሳ። ድንጋዩ ግራ ዓይናቸውን አገኘው፤ አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ደሙ ሳሩ ላይ ተረጨ፣ ልክ እንደ ሥዕሉ።

የሳቁት ናቸው ዞረው ቴዎ ላይ የወረዱት። «አባት መታ! ይሙት!» እያሉ ጎድኑን ረገጡት፣ ጭንቅላቱን በድንጋይ ፈነከቱት። ጋሽ ዘካሪያስ ደም ፊታቸውን ሸፍኖት፣ መሬቱን እየዳሰሱ፣ በጉልበታቸው ተስበው መጡ። ያንን በደም የራሰ ሳር ቴዎ ደረት ላይ አኖሩት። ያኔ ሁሉም ድንጋዩን ጣለ።

ሳላዲን ተረፈ። ቴዎም ተረፈ። እኔ ቤቴ ገብቼ ለድርጅቱ «ነጥቡን አውጡት፣ ሰው ተጎዳ» ብዬ ጻፍኩ። «የሚያስቀይም ነገር እንደሌለው እርስዎ አረጋግጠዋል» ብለው መለሱልኝ። ምን ይበሉ ታዲያ?

በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ሄድኩ። ግማሽ ፊታቸው በፋሻ ታስሯል።

«ፋኑኤል፣ አንተ የተማርክ ነህ» አሉኝ። «ሰባ ዓመት ኖርኩ። ሳር ይዤ ስንበረከክ ሰው ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም። ሃምሳ አሉ። ምንድን ነው እሱ?»

ሥራዬ እኮ ይሄ ነው፣ የሚያስቀይመውን አውጥቶ የማያስቀይም መተካት። አሥር ውሸት ምላሴ ላይ ተደረደረ።

«ቁጥር ነው፣ ጋሼ።»

«ቁጥር መሆኑንማ አውቃለሁ። የምን ቁጥር?»

አልቻልኩም። ስልኬን አውጥቼ ጌሙን ከፈትኩና በቀረችው ዓይናቸው ፊት ያዝኩት። ዱንጉዛውን አዩት፣ ሳሩን አዩት።

«ይሄ እኔ ነኝ» አሉ።

«አዎ። እርስዎን ለገደለ ሃምሳ ነጥብ ይሰጠዋል። ችግር የለውም ብዬ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። በጥፊ ቢሉኝም ደስ ባለኝ። ሥዕሉን ብዙ አዩት።

«ትቶኝ ላለፈውስ?» አሉኝ። «ለእሱ ስንት ይሰጡታል?»

«ምንም» አልኳቸው።